ውድ ዕቃ፣ ርካሽ ዕቃ፦ የመለዋወጫ ሱቅ ቃላት ከየት መጡ

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ከአፉ የማይለዩት ሁለት ቃላት «ውድ» እና «ርካሽ» ናቸው። ሁለቱም ገበያ ውስጥ አልተወለዱም። «ውድ» የ«ወደደ» ልጅ ነው፤ ውድ እናቴ፣ ውድ ወንድሜ የምንለው ያው ቃል። የዕቃ ዋጋ ሲንር «ተወደደ» እንላለን፤ ልክ ሰው ሁሉ በፍቅር የወደቀለት ይመስል። ሥሩ ዘመድ አያጣም። በዐረብኛ ከፈጣሪ ስሞች አንዱ «አል-ወዱድ» ከዚሁ ወ-ደ-ደ የወጣ ነው። ጣሊያኑ «ካሮ»፣ ፈረንሳዩ «ሼር» ሲልም ያፈቀረውንና የከበደውን ዋጋ በአንድ ቃል ይጠራል። «ርካሽ» ግን የመጣው ከቤተ መቅደስ ነው። ግእዙ «ረኵሰ» በሃይማኖት ሥርዓት ንጹሕ አለመሆንን፣ መርከስን ይናገራል። ጠበል የሚያስፈልገው ሰው ረክሷል፤ ዋጋው የወረደ ሽንኩርትም ረክሷል። ገበያተኛው ከካህኑ የተዋሰውን ቃል እስከ ዛሬ አልመለሰም።

የመኪና ዕቃ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ትርጉሞች ይጣላሉ። አየር ጤና፣ ከጅማ መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች በአንዱ ባንኮኒ ላይ አንድ ጎልማሳ በጋዜጣ የጠቀለለውን የተበላ ዕቃ ይፈታል። «ናሙና» ይዞ መምጣት ግዴታ ነው፤ ቃሉም እንደ ብዙ የንግድ ቃላት ከፋርስኛ ተነሥቶ በዐረብ ነጋዴ አፍ አልፎ ነው እዚህ የደረሰው። ባለሱቁ ወጣት ዕቃውን አገላብጦ፣ «ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን ልስጥዎት ወይስ ታይዋኑን?» ይላል። «ታይዋኑ አይረክስም?» «ዋጋው ነው የረከሰው እንጂ ዕቃው አልረከሰም!» ልጁ ሳያስበው የቃሉን ረጅም ታሪክ በአንድ መስመር ጨረሰው። «ታይዋን» ራሱ በዚህ ባንኮኒ ላይ አገር መሆኑን ትቶ ደረጃ ሆኗል፦ ከኦሪጅናል በታች፣ «ፎርጅድ» ከሚባለው በላይ። «ፎርጅድ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ሁለት መንገድ አለው፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረትንም ተመሳስሎ የተሠራ ሰነድንም ይጠራል። የእኛ ገበያ ሁለተኛውን ብቻ ወሰደ። ባለሙያ ግን የተቀጠቀጠ ብረት ከተቀለጠው እንደሚጠነክር ያውቃል፤ ስለዚህ የውጭ አገር ሻጭ በኩራት «ፎርጅድ ፒስተን» ብሎ ያስተዋወቀውን ዕቃ እዚህ በዚያው ስም ብትጠራው የሚገዛህ አታገኝም።

ከሱቁ በር በላይ የተጻፈው «መለዋወጫ» ነው። ለወጠ፣ ተለዋወጠ፣ መለዋወጫ። የመካከሏ «ዋ» ነገሩ አንድ ጊዜ የሚያበቃ እንዳልሆነ ትናገራለች፤ ዛሬ ይለወጣል፣ ነገም ይለወጣል። የዚሁ ግሥ ሌላ ልጅ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነው፤ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳህን ይሰጣል። ጣሊያንኛም መለዋወጫን የሚጠራው ከመለወጥ አንሥቶ ነው፦ «ሪካምቢ»፣ ከ«ካምቢዮ»። እኛ «ሪካምቢ»ን ትተን «ካምቢዮ»ን ብቻ ወሰድን፤ እሱንም ለማርሽ ሣጥኑ ሰጠነው። እንግሊዝኛው መንገዱ ሌላ ነው። «ስፔር» ማለት ተርፎ የተቀመጠ፣ የተቆጠበ ነው። ጎማው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አለ፤ የትርፉን ጎማ «ስኮርት» የምንለው ከጣሊያንኛው «ስኮርታ» ነው፤ አጃቢ፣ ጠባቂ ማለት ነው። ባለሥልጣንን የሚያጅበው መኪናና ከኋላ ሣጥን ውስጥ የተኛው ጎማ በጣሊያንኛ አንድ ማዕረግ አላቸው።

ጣሊያንኛ ለምን በዛ? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጥቂቱ ብቻ ልበል። ከጣሊያን በፊት የመኪናን ቃል ያመጣልን ጅቡቲ ነበር፤ «ጋራዥ» እና «ሾፌር» ፈረንሳይኛ ናቸው፣ «ባቡር»ም መነሻው «ቫፐር»፣ እንፋሎት ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውም ሐዲድ ኖሮት አይደለም። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፤ መንገድ ሠራ፣ የጭነት መኪና አስገባ፣ ጋራዥ ከፈተ። በ1933 ጦሩ ሲወጣ ብዙ መካኒኮች ቀሩ። አዲስ አበባም ሆነ አስመራ በእነሱ እጅ ሥር የተማረ ልጅ ቁልፉን «ኪያቤ»፣ መጠምዘዣውን «ካቻቢቴ» እያለ አደገ፤ ያሠለጠነውንም ሰው እንዲያው አስተማረ። የመንግሥት ወረቀት እንኳ አልዳነም፦ «ሊብሬ»፣ «ቦሎ»፣ «ታርጋ» ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ፊያትና ኢቬኮ ሲገጣጥም የኖረው ድርጅት ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቢያጥርም «አምቼ» የተባለው ሲ ፊደልን በጣሊያን አነባበብ አንብበነው ነው።

የእነዚህ ቃላት ትርጉም አንድ በአንድ ሲፈታ መኪናው የገጠር ቤት ዕቃ ይሆናል። ፍሬን ልጓም ነው። ካንዴላ ሻማ ነው። ማርሚታ ድስት ነው። ባሌስትራ ቀስት መወርወሪያ፣ ፍሬቻ ራሱ ቀስቱ ነው፤ የድሮ መኪና ሲታጠፍ ከጎኑ እውነተኛ የቀስት ምልክት ይወጣ ነበር። ቸርኬ ክብ ማለት ነው። ኮፈን ደግሞ ረጅም ጉዞ አለው፤ ጣሊያንኛው «ኮፋኖ» ሣጥን ነው፣ የእሱም አያት ግሪክኛው «ኮፊኖስ» ቅርጫት። በማቴዎስ ወንጌል አምስቱ እንጀራ ከተበላ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ አሥራ ሁለት ቅርጫት ሲሞላ ግሪክኛው የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ሬሳ ከምንጠቀልልበት «ከፈን» ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ያ ዐረብኛ ነው፤ ድምፁ ብቻ ይመሳሰላል።

የጎማው የውስጥ ላስቲክ በጨረታ ማስታወቂያ «ከመነዳሪ» ተብሎ ይጻፋል፤ «ካላማዳሪ» የሚልም አለ። ጣሊያንኛው «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ የአየር ክፍል። «አሪያ» ከላቲን «አየር»፣ ላቲኑም ከግሪክ «ኣኤር» ነው። የግእዙ «አየር»ም ከዚያው ግሪክ ምንጭ በቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም በኩል የገባ ነው። ስለዚህ አየር ጤና ላይ አንድ ጎሚስታ ከመነዳሪ ሲለጥፍ የሰፈሩ ስምና የዕቃው ጭራ የአንድ አያት ልጆች ሆነው ይገናኛሉ፤ አንዱ በአክሱም መጥቷል፣ ሌላው በሮም ዞሯል። «ጤና» ብቻ ነው ከማንም ያልተበደርነው፤ የግእዙ «ጥዒና» ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። አየር ጤና የሚቆሙ አሮጌ መኪኖች ላይ የቃል ታሪክና የዋጋ ታሪክ እንዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየኝ ኩሽኔታ ነው። «ኩሺኔቶ» ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው «ኩሽን» ወንድሙ ነው። ዘንጉ ያለ ድካም እንዲዞር የሚተኛባት ትራስ። ዕቃው ሲያልቅ መካኒኩ «ጮኸ» ይላል፤ ያወጣውና በጨርቅ ጠርጎ ቀለበቷን ወደ ብርሃን ያዞራል። እዚያ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ለምሳሌ 6203። ይህ ቁጥር የመኪናው ስም አይደለም፤ የኩሽኔታዋ ልኬት ነው፦ ውስጧ 17 ሚሊ ሜትር፣ ውጭዋ 40፣ ውፍረቷ 12። ጃፓን ሠራት፣ ስዊድን ሠራት፣ ቻይና ሠራት፣ 6203 ሁሌም ያችው ናት። ብልህ መካኒክ ሱቅ ሲገባ የመኪናውን ስም አይጠራም፤ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። የመኪናውን ስም የጠራ ሰው የስሙን ዋጋ ይከፍላላ። በተለይ ስሙ የስፖርት መኪና ከሆነ።

«ስፖርት» ከድሮ ፈረንሳይኛው «ዴስፖርት» የመጣ ነው፤ ከሥራ ራስን ዞር ማድረግ፣ መዝናናት። ውስጡ «ፖርቴ»፣ መሸከም የሚለው ግሥ አለ። ያው መሸከም በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ «ፖርቶመጋላ» ሆኖ ተቀምጧል፤ ጣሊያንኛው «ፖርታባጋሊ»፣ ሻንጣ ተሸካሚ። አንዱ ሸክም መጣያ፣ አንዱ ሸክም መጫኛ። የስፖርት መኪና ፖርቶመጋላ የለውም፤ ቃሉ ትክክል ነው።

ከስፖርት መኪና ቃላት አዲስ አበቤ ሳያውቀው ዕለት በዕለት የሚጠራው ግን «ታርጋ» ነው። ጣሊያንኛው ትንሽ ጋሻ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው «ታርጌት»፣ ዒላማ፣ ከዚያው የፍራንክ ቃል ነው። ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲሲሊ ተራሮች የሚካሄድ ውድድር አሸናፊው ጋሻ የሚመስል ሰሌዳ ይሸለም ስለነበር «ታርጋ ፍሎሪዮ» ተባለ። ፖርሽ እዚያ ብዙ ጊዜ አሸነፈ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ጣሪያው የሚነሣ 911 ሲያወጣ «ታርጋ» አለው። ስለዚህ የፖርሽ ባለቤት «የታርጋ ጣሪያ ላስቲክ አጣሁ» ብሎ አውሮፓ ውስጥ ሲያማርር፣ ኮልፌ ያለው ሰው ደግሞ «ታርጋ ጠፋብኝ» ሲል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ጋሻ ነው የሚያወሩት፤ ዋጋው ብቻ አይገናኝም።

የፖርሽና የእኛ ዝምድና ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ የቮልስ አባት ነው። ልጁ በ1948 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን 356 ሲያወጣ ሞተሩን፣ የፊት እግሩንና ካምቢዮውን ከቮልስ ወስዶ ነው። አዲስ አበባ በንጉሡ ዘመን የቮልስ ከተማ ነበረች፤ ዛሬም ሰንበት ላይ ታጥባ የምትወጣ ቮልስ ማየት ብርቅ አይደለም። ጀርመንኛው «ፎልክስቫገን»፣ የሕዝብ መኪና ነው፤ እኛ «ቫገን»ን፣ መኪናውን፣ ጣልንና «ቮልስ»ን፣ ሕዝቡን አስቀረን። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላት፣ ራዲያተር የማታውቅ መኪና አየር ጤና ውስጥ ስትሠራ አንድ ቀልድ ሳይወለድ መቅረቱ ይገርመኛል።

ቮልስ ለአሮጌ መኪና ዕቃ ዋጋ ጥሩ ትምህርት ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በሜክሲኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ቆመች፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ብራዚል ውስጥ በኮምቢ ላይ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ቀጠለ። የተሠራችበት ብዛት ዕቃዋን አረከሰው፤ ፒስተን፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን የሚሠራ ፋብሪካ ብዙ ነበርና። የጥንት 356 ሞተር ግማሽ ወንድሟ ሆኖ ሳለ የእሱ ዕቃ በብዙ እጥፍ የሚሸጠው የሠሩት ጥቂት፣ የሚፈልጉት ብዙ ስለሆኑ ነው። ተወዳጁ ውድ ሆነ፤ እዚህ ላይ አማርኛው ምንም አላጋነነም።

ፊያትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ፊያት 124 በ1966 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለት ልጆች ወለደ። አንዱ ፒኒንፋሪና የነደፈው ሸራ ጣሪያ ያለው «ስፓይደር» የስፖርት መኪና። ሌላኛው ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ የተሠራው ነው፤ በውጭ ገበያ ስሙ «ላዳ» ሆነ። «ላዳ» በሩሲያ ሕዝብ ዘፈን ውዴ፣ ፍቅሬ ማለት ነው፤ ዓርማው ግን በሸራ የምትሄድ ጀልባ ናት። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ዐሥርተ ዓመታት አዲስ አበቤን ያመላለሰችው ታክሲ ስሟ «ውዴ» ነበር፤ ዕቃዋ ግን ከሁሉም ይረክስ ነበር። ወንድማማቾች ስለሆኑ ግን ዕቃቸው ሁሉ ይለዋወጣል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። ሶቪየቶች ቴስታታውን ለውጠዋል፤ የኋላ ፍሬኑን ከዲስክ ወደ ከበሮ አድርገዋል። ስፓይደሩ ደግሞ ሁለት የቫልቭ ዘንግ ያለው የራሱ ሞተር አለው። የላዳ ጓርኒሲዮን ገዝቶ ስፓይደር ላይ ለመግጠም የሚሞክር ሰው «ቴስታታ» ማለት «ራስ» መሆኑን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል፤ ወንድማማቾችም ራሳቸው ለየብቻ ነው።

ከጭነት መኪናዎች «ኤንትሬ» የተባለው ፊያት 682 ኤን 3 ከማንኛውም የስፖርት መኪና ይልቅ ስሙን አስከብሯል። «ትሬ» ሦስት ነው፤ ቁጥሩ ስም ሆነ። የሌላዋ ታክሲ «ሴቼንቶ»ም ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ፊያት 600። የጣሊያንን ቁጥር ሳይማር ዕድሜውን የፈጸመ መካኒክ ቢያንስ ሦስትንና ስድስት መቶን ያውቅ ነበር።

አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ስሙ ጣሊያንኛ የሆነ ዕቃ ሲበላሽ አየር ጤና ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሠራል?» ነው። ባትላሜራው ላሜራውን ቀጥቅጦ ይመልሰዋል፤ ቦኮላ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። ቶርኖ ራሱ ግሪክ ነው፤ «ቶርኖስ»፣ እንጨት ማሽከርከሪያ። ባለቶርኖው አሮጌዋን ናሙና በካሊፐር ይለካል፣ የብረት ቁራጭ ያስራል፣ ቢላዋው ሲነካው ረጅም የብር ቀለም ጥቅልል ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃው በእጅህ ነው። ፋብሪካው የተወው መኪና ዕቃ በዚህ መንገድ ይኖራል። ስሙ እንግሊዝኛ የሆነ ዕቃ ሲበላሽ ግን የሚጠየቀው «ይገኛል?» ነው። ሴንሰር አይቀጠቀጥም፣ ኢንጀክተር ቶርኖ ላይ አይወጣም፣ የመኪና ኮምፒውተር ላሜራ አይደለም። ደንቡ እዚህም እዚያም ይጣሳል፤ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ፓራኦሊዮ ጣሊያንኛ ቢሆንም ተጥሎ በአዲስ ነው የሚተካው። በጥቅሉ ግን ጣሊያንኛው የጥገና ዘመን ቋንቋ ነው፣ እንግሊዝኛው የግዢ ዘመን።

አየር ጤና ካጣህ መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ያለበት ነው፤ ኦሪጅናሉም «ያገለገለ»ውም። «ያገለገለ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ካህን አገለገለ፣ ወታደር አገለገለ፣ የተፈታ መኪና ዲናሞም አገለገለ። እንግሊዙ «የተጠቀሙበት» ሲለው እኛ የዕቃውን ክብር ጠብቀን ነው የምንናገረው። ምናለሽ ተራ ደግሞ ስሙ ራሱ የገበያ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? ወደዚያ ብረቱን የሚያደርሰው «ቆራሌው!» እያለ ጠዋት ጠዋት የሚያልፈው ሰው ነው፤ «ቆርቆሮ ያለው» ከመጥራት ብዛት አጥሮ። የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ሦስቱን ጥያቄ ይዟል፦ ያለው፣ ምን አለሽ፣ ይለወጣል?

ዋጋውን ግን የሚወስነው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። «ጉምሩክ» ቱርክኛ ነው፤ ቱርኩ ከግሪክ፣ ግሪኩ ከላቲን «ኮሜርኪዩም»፣ ንግድ ከሚለው ወስዶ። «ዶላር»ም በቦሄሚያ ዮአኪምስታል ከተማ ከተመታው ብር፣ «ታለር» የተወለደ ነው። እኛ «ማርያ ትሬዛ» ብለን ለረጅም ጊዜ የተገበያየንበት ያው ታለር ነበር፤ ገንዘባችንን «ብር» ያልነውም የብረቱ ስም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ታለርና ብር ተለያዩ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አየር ጤና ባንኮኒ ላይ የትናንቱ ዋጋ ለመጥራት እንኳ የማያስደፍር ሆነ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ግብር ቀድሞውኑ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶት ነበር፤ የሚፈታ መኪና ሲቀንስ ያገለገለ ዕቃም ይቀንሳል።

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ሲያስታውቅ ደግሞ አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት ጡረታ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ ፓራኦሊዮውም ጥቂት ነው፤ ካምቢዮውም እንደ ድሮው አይለዋወጥም። ብዙዎቹ ስኮርትም አይዙም፤ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ፖምፓ ይሰጡሃል። ቃላቱ ግን አሮጌዎቹ መኪኖች እስካሉ አይጠፉም፤ እነዚያ ደግሞ በቀላሉ የሚሄዱ አይመስሉም።

ያልተነካው ኩሽኔታ ነው። አዲሱም የኤሌክትሪክ ሞተር ዘንግ ትራስ ይፈልጋል፣ ትራሷም ቁጥር አላት። አየር ጤና ያለው ባለሱቅ ሳጥኑን ሲከፍት ለቮልስ ባለቤት የሰጠውንና ለኤሌክትሪኩ ባለቤት የሚሰጠውን ከአንድ መደርደሪያ ያወርዳል፤ ሁለቱንም «ስንት ቁጥር?» ብሎ ነው የሚጠይቃቸው።